ዕውቀትና አስተያየት፦ ከወባ ምርመራ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

የትምህርት ዓላማ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገሮችን በቃል ማስያዝ ብቻ አለመሆኑ በመምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀት ከአስተያየት የሚለየው በምን እንደ ሆነ በግልጽ ካልታወቀ፣ ይህ እምነት በክፍል ውስጥ በሥራ ሊተረጎም አይችልም። «ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት» ብሎ በፈተና ወረቀቱ ላይ የጻፈ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል። ነገር ግን «ይህ በምን ታወቀ?» ተብሎ ሲጠየቅ «መምህሩ ስለ ነገሩን ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ከሌለው፣ ያ እውነት በእርሱ ዘንድ ገና አስተያየት ነው። ነገ ከመምህሩ ይበልጥ የሚያምነው ሰው ሌላ ቢነግረው፣ ያንኑ ከመቀበል የሚያግደው ነገር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እውነት ከአስተያየት የሚለይበትን መንገድ የወባ መተላለፊያ በታወቀበት ታሪክ ማብራራት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. የታየውና የተገመተው

ሰው ዕውቀትን የሚያገኘው በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ነው፤ እነዚህም በስሜት ሕዋሳቱ የሚመለከተው፣ ከሌሎች የሚቀበለው ቃልና ከሁለቱ ተነሥቶ በአእምሮው የሚደርስበት ፍርድ ናቸው። ሦስቱም አስፈላጊዎች ናቸው፤ ሦስቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ደገኛ ወደ ቆላ የወረደ ሰው በንዳድ እንደሚያዝ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። በጣልያን አገርም ረግረግ አጠገብ የሚያድር ሰው እንደሚታመም የታወቀ ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለው ስም እንኳ የመጣው «መጥፎ አየር» ከሚል የጣልያንኛ አነጋገር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። በሽታው ሙቀት ባለበትና ውሃ በሚያቁር ስፍራ መብዛቱ በዓይን የታየ እውነት ነበር። መንስኤው አየሩ ነው መባሉ ግን በታየው ላይ የተጨመረ ግምት ነበር። የታየው ትክክል ስለ ነበረ፣ የተገመተውም ትክክል መሰለ።

በኢትዮጵያ በአንዳንድ ቦታዎች ወባ የሚይዘው የበቆሎ እሸት የበላውን ነው የሚል አስተሳሰብም ይገኛል። እሸት የሚደርስበትና ወባ የሚበረታበት ወቅት ስለሚገጣጠም፣ አስተሳሰቡ ያለ ምክንያት የመነጨ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲወድቅ ለትንኝ እጮች ምግብ ይሆናል። ስለዚህ በበቆሎና በወባ መካከል ግንኙነት አለ፤ መንገዱ ግን እሸት በመብላት አይደለም። ከዚህም የሕዝብን አስተያየት በጅምላ መቀበልም ሆነ በጅምላ መናቅ ስሕተት መሆኑን መረዳት ይቻላል።

2. ግምት የሚፈተንበት መንገድ

በ1879 ክሌብስና ቶማሲ ክሩዴሊ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሮም አካባቢ ካለ ረግረግ የወባን ባክቴሪያ እንዳገኙ አስታወቁ። በ1880 ደግሞ ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በአልጄሪያ፣ በኮንስታንቲን ከተማ፣ በአንድ ሕመምተኛ ወታደር ደም ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥገኛ ተሕዋስ ተመለከተ። ሁሉም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም በማይክሮስኮፕ ተጠቅመዋል። እውነቱ የተለየው በማዕረጋቸው ሳይሆን ሌሎች ሰዎች ሥራቸውን ደግመው ሲመረምሩ ነው። የላቬራን ተሕዋስ በሌሎች አገሮች ሕሙማን ደም ውስጥም ሲገኝ፣ ባክቴሪያው ግን ምርመራውን አልፎ ሊጸና አልቻለም።

በ1897 ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኘ። በ1898 ግራሲና ባልደረቦቹ በጣልያን አገር አኖፌለስ የተባለችው ትንኝ በሽታውን ወደ ሰው እንደምታስተላልፍ አረጋገጡ። ቢሆንም የአየሩን ሐሳብ ያልተዉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በ1900 ሁለት ፈተናዎች ተደረጉ። በመጀመሪያው፣ ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሐኪሞች ወባ በበዛበት የሮም አካባቢ ረግረግ በሽቦ ወንፊት በተከለለ ጎጆ ውስጥ ወራቱን አሳለፉ። የረግረጉን የሌሊት አየር እየተነፈሱ፣ ትንኝ ግን ሳትነድፋቸው በጤና ከረሙ። በሁለተኛው፣ ተሕዋሱን የያዙ ትንኞች ከሮም ወደ ለንደን ተልከው የሐኪሙን የፓትሪክ ማንሰንን ልጅ በፈቃዱ ነደፉት፤ እርሱም ረግረግ በሌለበት ስፍራ በወባ ታመመ።

የእነዚህ ፈተናዎች ኃይል በአሠራራቸው ላይ ነው። በአንደኛው አየሩ ኖሮ ትንኝ አልነበረችም፤ በሌላው ትንኝ ኖራ አየሩ አልነበረም። በተጨማሪም የትንኟ ሐሳብ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ያጋልጠው ነበር። ሊወድቅ በሚችልበት ፈተና ገብቶ ያልወደቀ ሐሳብ ዕውቀት ለመባል ይበቃል፤ ምንም ቢሆን ከማይወድቅበት ስፍራ የተቀመጠ ሐሳብ ግን አስተያየት ሆኖ ይቀራል።

3. የዕውቀት ወሰን

የተረጋገጠ ዕውቀትም ወሰን አለው። «ወባ የቆላ በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በተከተለው ወረርሽኝ፣ በኢትዮጵያ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ሳይቀር 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህል እንደ ሞቱ ይገመታል። እንዲሁም ወባ የገጠር በሽታ ነው ሲባል፣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በ2016 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተማ ከተነሣው ወረርሽኝ ጋርም ግንኙነት እንዳላት ታወቀ። አነጋገሩን ያለ ምክንያቱ ያጠና ሰው ሁኔታው ሲለወጥ ሳይዘጋጅ ይገኛል። በሽታው በትንኝ፣ ትንኟም በውሃና በሙቀት እንደምትራባ የተረዳ ሰው ግን አደጋው ወዴት ሊዛመት እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይችላል።

4. ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች

ተማሪ እያንዳንዱን ነገር ራሱ ሊመረምር አይችልም፤ አብዛኛውን ከመጽሐፍና ከመምህር መቀበሉ የግድ ነው። ሊማር የሚገባው የሚቀበለውን መመዘን ነው። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ፦

ሀ) የታየው የትኛው ነው? በታየው ላይ የተጨመረውስ?
ለ) ነገሩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር?
ሐ) ከተናጋሪው ሌላ የመረመረውና ያረጋገጠው ማን ነው?

ሦስቱ ጥያቄዎች ልዩ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ በርእሶች ብዛት ከተጨናነቀና ፈተናው ውጤትን ብቻ ከጠየቀ፣ መምህሩ «በምን ታወቀ?» ለሚለው ጊዜ አይተርፈውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍለ ትምህርት ቢያንስ አንድ ርእስ ከነማስረጃው ታሪክ እንዲሰጥ፣ ከፈተና ጥያቄዎችም የተወሰኑት ማስረጃን እንዲጠይቁ ማድረግ ተገቢ ይሆናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት ያለ ሰው እርዳታ ይጠራል፤ የወባ እውነት ግን የጠራው የሚጠይቁና የሚመረምሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ማፍራት የትምህርት ቤት ሥራ ነው።