የተሰነጠቀ የጀልባ ማርሽ ቤት፦ ተረትና እውነታ

ሚያዝያ ላይ የሚኒሶታ ሐይቆች በረዶ ሲቀልጥ ያገለገሉ ጀልባዎች ገበያ ይደራል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል ጀልባ ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ ዋጋው ከወትሮው የረከሰ ጀልባ ሲያጋጥመው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ይመልከት። ፕሮፔለሩን የሚይዘው፣ ውስጡ ማርሾችና የካምቢዮ ዘይት ያሉበት የአሉሚኒየም ቤት ማርሽ ቤት ወይም ሎወር ዩኒት ይባላል። ሲሰነጠቅ ሻጩም ጎረቤቱም መላ አያጡም። ከሚነገረው መላ ግን ብዙው ገንዘብ አስከፍሎ ስንጥቁን ለከርሞ የሚመልስ ነው።

«ብርዱ ነው የሰነጠቀው» ይባላል። ብርድ ብቻውን አሉሚኒየም አይሰነጥቅም። የሚሰነጥቀው ውሃ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በተዘጋ ብረት ውስጥ ከሆነ መሄጃ ስለሌለው ግድግዳውን ይገፋል። ማርሽ ቤቱ ዘይት ብቻ ቢኖረው ኖሮ ክረምቱን ያለ ችግር ያልፈው ነበር። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንጥቁ እንዴት ይደፈናል?» ሳይሆን «ውሃው በየት ገባ?» ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገባው ከፕሮፔለሩ ጀርባ ነው። እዚያ የፕሮፔለሩን ዘንግ ከብቦ ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ፤ ኦይል ሲል የሚባለው። ሐይቅ ውስጥ የተጣለ የመንጠቆ ክር ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና እየተሽከረከረ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጎማውንም ይቆርጠዋል። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ካልታየ በቀር ክሩ ከውጭ አይታይም። ሌላው መግቢያ የዘይት ብሎኖቹ ስር ያለችው ትንሽ ማሸጊያ ናት። ሳትቀየር በተደጋጋሚ ስትጠብቅ ውሃ ታሳልፋለች። የገባው ውሃ ከዘይቱ ስለሚከብድ ሞተሩ ሲቆም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እዚያው በረዶ ይሆናል። የውሃውን መግቢያ ሳያስተካክሉ ስንጥቁን መበየድ ለሚቀጥለው ክረምት አዲስ ስንጥቅ ማዘጋጀት ነው። (ጣና ወይም ሐዋሳ ላይ ውሃው በረዶ ስለማይሆን እዚያ የተሰነጠቀ ማርሽ ቤት ቢገኝ መጠርጠር ያለበት ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር የተደረገ ግጭት ነው።)

«ኢፖክሲ ይበቃዋል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ጉዳዩ ስንጥቁ ያለበት ቦታ ነው። ከማርሽ ቤቱ በታች እንደ ዓሣ ክንፍ የወጣው ቁራጭ ድፍን ብረት ነው፤ ዘይት አይዝም። እሱ ቢሰበር ይበየዳል፣ ወይም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መከላከያ በብሎን ይታሰርበታል፤ ስጋት የለውም። የዘይቱ ግድግዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ይሞቃል፣ ውስጡ ግፊት ይፈጠራል፣ ብረቱም ይንቀጠቀጣል። ለዓመታት ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም ደግሞ ማጣበቂያ በደንብ አይዝም። ስንጥቁ የኩሽኔታ መቀመጫውን ወይም የብሎን ጥርሶችን ከነካ ኢፖክሲን ማሰቡ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው።

«አርጎን ብየዳ ያለው ሁሉ ይበይደዋል» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሥራው ሲጠናቀቅ ያማረ ይመስላል። ሳይፈታ የተበየደ ማርሽ ቤት ውስጥ ኦይል ሲሎቹ በሙቀቱ ይቃጠላሉ። በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የተደበቀው ዘይት እየፈላ ስለሚወጣ የብየዳው መስመር ጥቁር ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎችም ይቀሩበታል። በትክክል የሚሠራ ሰው ማርሹን፣ ኩሽኔታውን፣ ዘንጉን ሁሉ ያወጣል፤ ቤቱን አጥቦና አሙቆ ዘይቱን ያስወጣል፤ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ጫፎቹን ፈልጎ ትናንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ መስመሩን ሞርዶ ይከፍታል፤ ከዚያ ነው የሚበይደው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሙቀቱ የኩሽኔታውን መቀመጫ ሊያጣምመው ይችላል፤ ማርሾቹም እንደ ቀድሞው ላይገጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ክንፉን በይዱ፤ የዘይቱ ቤት ከተሰነጠቀ ግን ያገለገለ ሙሉ ሎወር ዩኒት ፈልጉ። ብየዳ የሚያዋጣው ሞተሩ አርጅቶ መለዋወጫው ሲጠፋ ነው።

«ከተሰነጠቀ ሞተሩ አለቀለት» የሚሉም አሉ። አላለቀለትም። ሎወር ዩኒት በጥቂት ብሎኖች ተፈትቶ ለብቻው የሚወርድ አካል ነው። የሚተካው ግን ከሞተሩ ዓመትና ሞዴል፣ ከማርሹ ሬሾ፣ ፕሮፔለሩ ከሚዞርበት አቅጣጫና ከዘንጉ ርዝመት ጋር መስማማት አለበት፤ 15፣ 20 እና 25 ኢንች ያላቸው አሉ። አንዴ ከወረደ አይቀር ላዩ ላይ የተቀመጠውን የውሃ ፓምፕ ጎማም አብሮ መቀየር ብልህነት ነው።

ገዢን አብዝቶ የሚያታልለው «ዘይቱ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። ትናንት የተቀየረ ዘይት ስለ ዛሬ ሦስት ወር የሚመሰክረው ነገር የለም። ማርሽ ቤቱ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባም ጠርጥሩ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አንድ ሌሊት እንዲያድር ጠይቁ። ጠዋት ነጭ ሳህን ከስር አድርጋችሁ፣ የላዩን ብሎን ሳትነኩ የታችኛውን ቀስ ብላችሁ አላሉት። ከዘይቱ በፊት ጥርት ያለ ውሃ ጠብ ካለ፣ ወይም የሚወጣው ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፣ ውሃ ገብቷል። ብሎኑ ማግኔት ካለው ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱት፤ እንደ ጥላሸት የላመ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ካለ ማርሹ ተጎድቷል።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የግፊት ፍተሻ ነው። መካኒኩ ዘይቱን አፍስሶ ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ አየር ይሞላበታል፤ የሳሙና ውሃ እየረጨ ዘንጉን በእጁ ያዞራል። አረፋ ከወጣበት ቦታ ነው ውሃው የሚገባው። ሳሙናው ከመርፌ የቀጠነ ስንጥቅ ያጋልጣል። ከጥገና በኋላም ዘይት ከመሙላት በፊት ይኸው ፍተሻ ይደገማል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ዋጋው በስንጥቅ ሂሳብ ይሁን፣ ካልሆነም ይቅር።

አንድ ያልተነሣ ልማድ አለ፤ ዘይቱን በሚያዝያ፣ ጀልባው ወደ ውሃ ሊገባ ሲል መቀየር። ውሃ ገብቶ ከነበረ ክረምቱን እዚያው አድሯል፤ ጉዳቱም ደርሷል። መቀየር ያለበት በጥቅምት ነው። አዲሱ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ ከላይኛው ያለ አረፋ እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ ከተሞላ አየር ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ብሎኖች አዲስ ማሸጊያ ያገኛሉ፤ መጀመሪያ የላይኛው፣ ቀጥሎ የታችኛው ይጠብቃል። ሞተሩም ክረምቱን ወደ ታች ወርዶ ቀጥ ብሎ ይቆያል እንጂ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ በረዶ በፕሮፔለሩ መሐል እየገባ አይከርምም።