ዘመድ በሚነዳው መኪና ስንጎዳ ካሳ መጠየቅ ዘመድን መክሰስ ነው ወይ?

በማኅበራዊ ሥራችን ወደ ቤተሰቦች ስንሄድ ደጋግሞ የሚያጋጥመን ነገር አለ። ከሠርግ ወይም ከለቅሶ ሲመለሱ መኪናው ይገለበጣል፤ ይነዳ የነበረው የወንድም ልጅ ነው። አባት አከርካሪያቸው ተጎድቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይቀራሉ። ሽማግሌዎች ገብተው ዘመድ ይቅር ይባባላል። ከዚያ በኋላ ስለ ካሳ ስናነሳ የሥጋ ዘመዴን አልከስም ይሉናል። ልጁ እንዳይታሰር ብለው ለሐኪም ከደረጃ ወደቅሁ የሚሉም አሉ፤ ይህ ቃል በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ተጽፎ በኋላ ይጎዳቸዋል።

እርቁ መልካም ነው፣ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች የካሳ ሕግ ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ለተሳፋሪው የሚከፍለው የመኪናው የግዴታ መድን፣ ቢቱዋህ ሆቫ የምንለው ነው። ገንዘቡ ከወንድም ልጅ ኪስ አይወጣም። በእግሩ ሲሄድ ለተገጨ ሰውም የገጨው መኪና መድን ይከፍላል። መኪናው መድን ከሌለው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለተሳፋሪው ካርኒት የተባለው ፈንድ ይከፍልና ገንዘቡን ያለ መድን ከነዳው ሰው መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ነው። ሚስት ሥራዋን ትታ ባሏን ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ሌሊት ስትነሳ ግዴታዬ ነው ትላለች። ፍርድ ቤት ግን ቤተሰብ በነፃ የሚሰጠውን እርዳታም በካሳው ውስጥ ይቆጥራል። ስለዚህ ማን ስንት ሰዓት እንደረዳ በደብተር ይጻፍ፤ የታክሲና የመድኃኒት ደረሰኝም ይቀመጥ። ጉዳዩ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ለሕክምናና ለኑሮ አስቸኳይ ክፍያ ከመድን ኩባንያው መጠየቅ ይቻላል።

ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ቤት ውስጥ አለ ብላችሁ የስምምነት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አንዴ ከተፈረመ ጉዳቱ ቢብስ እንኳ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ጠበቃ ያዙ፤ በእነዚህ ጉዳዮች ክፍያው በሕግ የተወሰነ ነው። ክስ ሳይመሠረት ካለቀ ከካሳው 8 በመቶ፣ ከክስ በኋላ በስምምነት ካለቀ 11፣ በፍርድ ካለቀ 13 በመቶ ነው፤ ቀረጡ ለብቻው ይታሰባል። ክስ የሚመሠረተው አደጋው ከደረሰ በ7 ዓመት ውስጥ ነው፤ ለልጅ ግን 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ይቆጠራል። አደጋው ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ ከደረሰ ለቢቱዋህ ሌኡሚም በ12 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል።