ፎርማት ከማለትዎ በፊት

ከደሴ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ሐይቅ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አምባሰል፣ ወደ ውጫሌ ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ቢስቲማ ይገነጠላል። መናኸሪያው ውስጥ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ተራ አስከባሪው ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በተጫኑበት ኮምፒውተር ላይም ይህን ሥራ የሚሠራ ግሩብ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ ይነሳና የሁለቱን ስም ዘርዝሮ ምርጫ ይጠብቃል፤ ዝም ከተባለ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ራሱ አንዱን ይከፍታል።

"ኮምፒውተሬ አልነሳም አለ" ሲባል የሚሰጠው ፈጣን መልስ "ፎርማት ይደረግ" ነው። ይህን መልስ አልወደውም። ብዙ ጊዜ የጠፋው ተራ አስከባሪው እንጂ መኪኖቹ አይደሉም፤ ፋይሉ ሁሉ ዲስኩ ላይ በቦታው አለ።

ለምሳሌ አንዱ ቦታ ጠቦት ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሊኑክስን ፓርቲሽን ይሰርዛል። የግሩብ ዋና ዋና ፋይሎች እዚያው ስለነበሩ ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ "ግሩብ ሬስኪው" የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ያስደነግጣል። ኤችፒ ላፕቶፕ ከሆነ ሲበራ ኤፍ9ን፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12ን ደጋግሞ መጫን ነው፤ ከሚመጣው ዝርዝር "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር" ሲመረጥ ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ዊንዶውስ አፕዴት ተደርጎ ራሱን ከፊት ሲያስቀምጥም በዚያው ዝርዝር ኡቡንቱን መርጦ መግባት፣ ከዚያ ባዮስ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ዩኢኤፍአይ በሌላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ የማስነሻ ፍላሽ ያስፈልጋል።

ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት ከዚህ የባሰ ጣጣ አመጣ። ማይክሮሶፍት በቆዩ የግሩብ ቅጂዎች ላይ ያለን የደኅንነት ክፍተት ሊዘጋ ብሎ፣ ሁለቱ በተጫኑባቸው በርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ እንዳይነሳ አደረገ። መውጫው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክስ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ነበር። ታዲያ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ ሴኪዩር ቡት ሲነካ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ሳይዙ እዚህ የገቡ ሰዎች ናቸው እውነትም ፎርማት ላይ የሚወድቁት።

መብራት ሄድ መለስ በሚልበት አካባቢ የዴስክቶፕ ችግር ከሶፍትዌር ውጭም ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ስትደክም ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ባዮሱ የተሞላለትን ይረሳል፤ የቡት ሞዱ ይቀየርና ደህናውን ዲስክ "የለም" ይላል። የሚያጋልጠው ቀኑ ነው፤ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለ 3 ቮልቷን ባትሪ ለውጦ ባዮሱን እንደገና መሙላት ይበቃል።

ሰዓቱ የተዛባው ልክ በ3 ሰዓት ከሆነ ግን ባትሪዋ ጥፋት የለባትም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ቤት ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ቀትር ላይ ከሊኑክስ ወጥቶ ዊንዶውስ የገባ ሰው ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ይባላል። ኢንተርኔት ሲገኝ ዊንዶውስ ራሱን ያርማል፤ ከሌለ ግን ሊኑክሱ ላይ በ"ታይምዴትሲቲኤል" ትእዛዝ የአገር ቤቱን ሰዓት እንዲጠቀም ማድረግ ይቻላል።