ፈረሱላ ነው ወይስ ኩንታል?

አንድ ቡና ላኪ በመጋዘኑ ስንት ቡና እንዳለ ሠራተኛውን ጠይቆ “1 ሺህ” የሚል መልስ ቢያገኝ፣ ወዲያው “1 ሺህ ምን?” ማለቱ አይቀርም፡፡ ፈረሱላ ከሆነ 17 ቶን ነው፤ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ የሚይዘውን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እንኳ አይሞላም፡፡ ኩንታል ከሆነ ግን 100 ቶን ነው፤ አምስት ኮንቴይነር ሞልቶ ይተርፋል፡፡ ተሳስቶ በሁለተኛው ስሌት ከውጭ ገዢ ጋር የተዋዋለ ላኪ የቀረውን ቡና ከገበያ በተገኘው ዋጋ መግዛት፣ አለዚያም ውሉን ማፍረስ ይኖርበታል፡፡

ይህን ጥያቄ ለኮምፒዩተር ማቅረብ አሁን ተችሏል፡፡ ኤጀንት የሚባለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም በተራ ቋንቋ ታዞ ከድርጅቱ ዳታቤዝ መልስ ፈልጎ ያመጣል፡፡ ይህንንም የሚያደርገው በተሰጡት መሣሪያዎች ነው፤ አንዱ ክምችት ያወጣል፣ ሌላው ዋጋ፣ ሌላው ውል፡፡ አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገውና በተከታዩ ዓመት ተፎካካሪው ኦፕን ኤአይ ጭምር የተቀበለው “ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል” የዚህን ግንኙነት ሥርዓት ወጥ አድርጎታል፡፡ እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ የጽሑፍ ማብራሪያና የሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር አለው፡፡ ኤጀንቱ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ፕሮግራም አያይም፡፡ የትኛውን መሣሪያ እንደሚመርጥና የመጣለትን ቁጥር እንዴት እንደሚረዳ የሚወስነው በዚያ ጽሑፍ ነው፡፡

ታዲያ ፕሮግራም አዘጋጁ “የክምችት መረጃ ያወጣል” ብሎ ቢያልፈው ምን ይደረጋል? “1 ሺህ” ያገኘው ኤጀንት እንደ ሰው “ምን?” ብሎ ላይጠይቅ ይችላል፤ የመሰለውን ወስዶ በሚያሳምን አነጋገር ያቀርበዋል፡፡ ለዚሁ መሣሪያ የሚከተለውን መጻፍ ግን ብዙ ድካም የለውም፡፡

“በዕለቱ በመጋዘን የሚገኘውን ቡና በዓይነትና በደረጃ ያወጣል፡፡ መጠኑ በፈረሱላ ነው፤ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፡፡ በውል የተያዘውን አይቀንስም፤ ለሽያጭ ነፃ የሆነውን ለማወቅ የውል መዝገቡንም ተመልከት፡፡ ባዶ መልስ በዚያ ስም የተመዘገበ አልተገኘም ማለት እንጂ መጋዘኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም፡፡”

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትርፍ ልትመስል ትችላለች፡፡ ይሁንና ይርጋ ጨፌ በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው ጥቅሟ ይገባዋል፡፡

በእኛ አገር የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፡፡ “የ2017 በጀት ዓመት ሽያጫችን ስንት ነው?” ተብሎ የተጠየቀ ኤጀንት ማንም ካልነገረው የፈረንጆቹን 2017 ሊያወጣ ይችላል፡፡ የተፈለገው ግን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ያለው ነው፡፡ ዋጋም እንዲሁ ነው፤ የአገር ውስጡ በብር በፈረሱላ፣ የኒውዮርኩ በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ይነገራል፡፡ ሁለቱም “ዋጋ” በሚል አንድ ስም ከተቀመጡ ማነጻጸሩ ከንቱ ነው፡፡

ማብራሪያ ሲረዝም ወጪ አለው፡፡ ሞዴሎቹ የሚያስከፍሉት በሚያነቡትና በሚጽፉት መጠን ስለሆነ፣ ጽሑፉ ጥያቄ በቀረበ ቁጥር አብሮ ይታሰባል፡፡ የድርጅቱን ታሪክ እዚያ ውስጥ መተረክ አያስፈልግም፡፡ ሆኖም ይህን ወጪ በስህተት ከተፈረመ ውል ጋር ለሚያወዳድር ሰው ስሌቱ ቀላል ነው፡፡

ማብራሪያ ቁልፍ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል፡፡ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በአሜሪካ አንድ ኤጀንት ምንም እንዳይለውጥ በተደጋጋሚ በጽሑፍ ታዞ ሳለ በሥራ ላይ የነበረ ዳታቤዝ አጥፍቷል፤ መረጃው በኋላ ቢመለስም፡፡ “አትሰርዝ” ብሎ ከመጻፍ በፊት፣ ከማንበብ ያለፈ ሥልጣን የሌለው የመግቢያ ፈቃድ ከዳታቤዙ በኩል መስጠት ይቀድማል፡፡

ጽሑፉን ማን ይጻፈው? እንደ እኔ እንደ እኔ ፕሮግራም አዘጋጁ ብቻውን መሆን የለበትም፡፡ ቁጥሩ በፈረሱላ መሆኑን፣ የተበላሸው ቡና በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ የሚያውቀው የመጋዘን ኃላፊው ነው፡፡ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሥራ አስኪያጁ መልሳቸውን አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ሃያ ያህል ጥያቄዎች ለኤጀንቱ ያቅርቡ፤ የተሳሳተባቸው ጥያቄዎች ማብራሪያው የት ላይ እንደጎደለ ያሳያሉ፡፡ መጋዘኑ ነገ ምዝገባውን ከፈረሱላ ወደ ኪሎ ቢለውጥም ጽሑፉ በዚያው ዕለት መለወጥ አለበት፡፡ የዚህ ኃላፊነት የማን እንደሆነ በስም ተለይቶ ካልተጻፈ፣ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል፡፡