የሦስት ሰዓት ጨዋታ፣ የዐሥራ ሁለት ሰዓት ሥጋ

ዳላስ ወይም ሂውስተን ዘመድ ያለው ሰው «ባርቤኪው» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። እኛ ዘንድ ቃሉ ከሰል ላይ ተጥዶ በደቂቃዎች ውስጥ ለሚነሳ ጥብስ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ብዙ የቴክሳስ ሰዎች ግን ይህን አይቀበሉም። ለእነሱ በፍም ላይ ቶሎ የሚጠበሰው ሌላ፣ ባርቤኪው ሌላ ነው። ባርቤኪው ማለት ሥጋው ከእሳቱ ራቅ ብሎ በእንጨት ጭስና በዝግታ በሚደርስ ሙቀት ሲበስል የሚያድር ምግብ ነው። በበዓልና በኳስ ቀን ደግሞ ከማዕድ አይጠፋም። ለምን ከኳስ ጋር እንዲህ ተቆራኘ? ምክንያቱ ከሥጋው ይጀምራል።

ጠንካራው ብልት

የቴክሳስ ባርቤኪው ንጉሥ ፍሪምባ ነው። በሬው ክብደቱን የሚሸከምበት የደረት ጡንቻ በመሆኑ በጅማት የተሞላ ነው፤ በችኮላ ከተጠበሰ አይታኘክም። ጅማቱን የሚያጠነክረው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ግን ረዥም ሰዓት ሙቀት ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይሟሟና ጀላቲን ይሆናል። ሥጋውን የሚያለሰልሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝን ሙሉ ፍሪምባ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ከ10 እስከ 16 ሰዓት ይቆያል። ቅመሙ ብዙ ጊዜ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። በማዕከላዊ ቴክሳስ የሚመረጠው እንጨት ደግሞ ኦክ ነው።

መሐል ላይ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የሥጋው የውስጥ ሙቀት 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ለሰዓታት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሳቱ ጠፍቶ አይደለም። ላብ ገላችንን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ ከሥጋው ላይ የሚተነው ውኃ ሥጋውን ያቀዘቅዘዋል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በሥጋ ቤት ወረቀት ይጠቀልለዋል። ሌላው «ቅርፊቱ ይበላሻል» ብሎ በትዕግሥት ይጠብቃል። ሙቀቱ ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ሥጋው ይወጣና ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያርፋል።

እሳቱና ኳሱ

የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የዳላስ ካውቦይስ ቡድን ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ1975 እና ከ1977 በስተቀር፣ በየዓመቱ በምስጋና ቀን (በኅዳር አራተኛው ሐሙስ፣ በእነሱ አቆጣጠር) በሜዳው ይጫወታል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ፉክክርም በ1894 ተጀምሮ ለረዥም ዘመን የምስጋና ሰሞን ድምቀት ነበር። ከ2011 በኋላ ተቋርጦ በ2024 ዳግም ተጀምሯል።

ጨዋታው የተወሰነ ሰዓት አለው፤ ሥጋው ግን የለውም። ስለዚህ አብሳዩ ከጨዋታው ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሮ እሳቱን ከዋዜማው ምሽት ያያይዛል። በስታዲየም አካባቢም ደጋፊዎች ከሰዓታት በፊት ደርሰው የፒክአፕ መኪናቸውን የኋላ ስፖንዳ እንደ ጠረጴዛ ይዘረጉታል። «ቴይልጌት» የሚባለው ልማድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስፖንዳ ነው። ይህ ረዥም ጥበቃ የወሬ ጊዜ ነው። ስጎ ይኑረው አይኑረው፣ ይጠቅለል አይጠቅለል፣ ቺሊ በሚባለው የሥጋ ወጥ ውስጥ ባቄላ ይግባ አይግባ ይከራከራሉ። በቡድን የተለያዩ ሰዎች ከአንድ ምድጃ እየበሉ የሚጨቃጨቁበት ስለሆነ ክርክሩ ራሱ የበዓሉ አካል ነው።

ባለቤቱ ማነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የጀርመንና የቼክ ስደተኞች በማዕከላዊ ቴክሳስ ሥጋ ቤቶች ከፍተው ያልተሸጠውን ሥጋ በጭስ ያበስሉ ነበር። በሎክሃርት ከተማ በ1900 የተመሠረተው ክሮይትስ ማርኬት ለረዥም ዘመን ሹካም ስጎም አያቀርብም ነበር። በደቡብ የሜክሲኮ ተወላጆች የከብት ጭንቅላት በጉድጓድ ያበስሉ ነበር፤ «ባርባኮዋ» ይሉታል። በምሥራቅ ቴክሳስ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ስልት አዳብረዋል። ሰኔ 19 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. በጋልቬስተን የባርነት ማክተም የታወጀበት «ጁንቲንዝ» የተሰኘው በዓልም ያለ ባርቤኪው አይታሰብም። ቀኑ በቴክሳስ ከ1980፣ በመላው አሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የሥራ በዓል ሆኗል።

ከጊዜ በኋላ የእኛም ሰዎች ተጨምረዋል። በዳላስ አቅራቢያ በአርሊንግተን ፋሲካ ሂክስ የተባለች ኢትዮጵያዊት ከባለቤቷ ከፓትሪክ ጋር «ስሞክን አሽ» በተሰኘው ምግብ ቤታቸው የቴክሳስን የጭስ ሥጋ ከእንጀራ ጋር በማቅረብ ታውቃለች።

የድሃው ብልት ሲወደድ

ፍሪምባ ጠንካራ በመሆኑ ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር። ሥጋ ቤቶች የበሬውን የፊት ክፍል እንዳለ ከመግዛት ወጥተው የፈለጉትን ብልት ብቻ በካርቶን ታሽጎ መግዛት ከቻሉ በኋላ ባርቤኪው ቤቶች በፍሪምባ ላይ አተኮሩ፤ ፈላጊውም በዛ። በዚህ ላይ ድርቅ ተጨመረ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የከብት ቁጥር 86.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከ1951 ወዲህ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ተራው ሰው በጊዜና በትዕግሥት ለበዓል ያበቃው ርካሽ ሥጋ ዛሬ ለዚያው ሰው ኪስ እየከበደ ነው። ከዚህ የተነሳ በጨዋታ ቀን ዶሮ፣ ቋሊማ ወይም የቱርክ ዶሮ በጭስ የሚያበስል ደጋፊ ቢያጋጥም አይገርምም።

ለሚጋበዙ

እንዲህ ካለ ግብዣ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁለት ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ ቋሊማው የበሬና የአሳማ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ባቄላውም ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይጣፍጣል። ስለዚህ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይሆንበትም። ሁለተኛ፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የምስጋና ቀን ብዙ ጊዜ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። የሚጾም እንግዳ ቀድሞ ለጋባዡ ቢነግር ወይም የጾም ምግብ ይዞ ቢሄድ ይቀለዋል።

ሥጋው ዘገየ ብሎ ግን መውቀስ አይገባም። የአብሳዩን የጥድፊያ ጥያቄ የሚያባብሰው «ደረሰ ወይ?» ባይ እንግዳ ነው። ምድጃውም በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ ምሳውም በዚያው ልክ ይርቃል።