ሳይቃጠል በቅጠል
ዊንደር ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 እዚያ ባለው አፓላቺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተኩስ ተከፍቶ ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ተገደሉ።

መምህራኑ አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት መታወቂያ የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ ነበረ። ሲጫኑት ጥሪው ለፖሊስ ደረሰ። ቁልፉ የታደላቸው ከአንድ ሳምንት ገደማ በፊት ብቻ ነበር። በ2025 ጆርጂያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያለ መጥሪያ እንዲኖራቸው ሕግ አወጣች።

ጥሪው ግን ወደ ቤትም መድረስ አለበት። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመጣ አማርኛ ብቻ የምታነብ እናት ምን ታድርግ? የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች ዋና ዋና መረጃዎችን በተቻለ መጠን ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስታውቁ ያዛል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የአደጋ መልእክት በአማርኛ ይደርሰናል? ልጆቹንስ የምንረከበው የት ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን።