ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ

አዋሽ ሰባት ኪሎ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሰመራ አይሄድም። ሕመሙ ከጠና ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ዘመድ ካለው ደግሞ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይወስዱታል። ሰመራና ሎጊያ ያለው በበኩሉ መጀመሪያ ዱብቲ ሆስፒታል ይታያል፤ ካልሆነም በሚሌና በባቲ አድርጎ ደሴ ይደርሳል። ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን ወረቀቱም አብሮ ይበተናል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ወረቀት ነው፤ በተለይ ሕመሙ የትንሹ አንጀት ካንሰር ሲሆን።

በሥራ ዘመኔ ብዙ የሪፈር ወረቀት አንብቤአለሁ። «የአንጀት ካንሰር» ብለው ብቻ ያለፉት ጥቂት አልነበሩም። ለቤተሰብ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ቃሉ ራሱ ያስደነግጣል። ለሚቀበለው ሐኪም ግን የትኛው አንጀት የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። ትንሹ አንጀት ስድስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ትልቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የሚገርመው ካንሰር የሚበዛው በአጭሩ ላይ ነው። በምግብ መንገዳችን ላይ ከሚነሱት ካንሰሮች የትንሹ አንጀት ድርሻ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ብርቅ ስለሆነም ብዙ ጊዜ አይጠረጠርም። ከምግብ በኋላ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ ጥቁር ሰገራ ይዞ የመጣው ሰው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይመለሳል። የአንጀት ቲቢም በጣም ይመስለዋል፤ ያልፈላ ወተት በሚጠጣበት አገር ሐኪም አስቀድሞ ቲቢን ቢያስብ አይፈረድበትም። ብዙዎቹ የሚታወቁት አንጀታቸው ተዘግቶ ለኦፕራሲዮን ሲገቡ ነው።

ሐኪሙ የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ የሚለውጥ ሠራተኛ አለ። ዓለም የሚጠቀምበት የበሽታዎች መለያ አይ.ሲ.ዲ. ይባላል፤ መነሻው በ1893 እ.ኤ.አ. የወጣ የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። በአሥረኛው ዝግጅት የትንሹ አንጀት ካንሰር ሲ 17 ነው። ከነጥቡ በኋላ 0 ከተጻፈ ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው ዱዎዲነም፣ 1 ከሆነ መካከለኛው ጀጁነም፣ 2 ከሆነ መጨረሻው አይሊየም ማለት ነው። 9 ከሆነ የትንሹ አንጀት መሆኑ ታውቋል፣ ቦታው ግን አልተጻፈም። ሲ 18 ትልቁ አንጀት ነው። «የአንጀት ካንሰር» ብቻ የተባለው ወረቀት ሲ 26.0 ይሰጠዋል፤ አንጀት ነው፣ የትኛው እንደሆነ አልተገለጸም ማለት ነው። ካንሰሩ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ ትንሹን አንጀት ከያዘ ደግሞ ሲ 78.4 ነው እንጂ ሲ 17 አይደለም። ከአንጀቱ የተነሣ የሊምፍ ካንሰርም ሌላ ኮድ አለው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዝግጅት ቁጥሩ 2ቢ80 ሆኗል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ብታዩ አትደናገጡ።

ኮድ ሰጪው በሽተኛውን አያየውም። የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ ላይ «ጀጁነም» የምትል አንዲት ቃል ከሌለች ከራሱ አይጨምርም፤ መጨመርም የለበትም። መጠርጠርና ማረጋገጥም ይለያያሉ። አፋሮች በዳጉ ሲገናኙ ዜናውን ቁጭ ብለው ነው የሚቀባበሉት፤ በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን እየለዩ። ለእኔ ከብዙ ሥልጠና የተሻለ ትምህርት ነው። ናሙናው በፓቶሎጂ የታየ ካንሰር «ያየሁት» ነው፤ በአልትራሳውንድ የተጠረጠረው ገና «የሰማሁት» ነው፣ በካንሰር ኮድ መመዝገብ የለበትም።

ለታማሚው ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። ከአፍ የሚገባው የኢንዶስኮፒ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከዱዎዲነም አያልፍም፤ ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፒም ቢበዛ የአይሊየምን ጫፍ ነው የሚያየው። መሐል ላይ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ከዓመት በኋላ ሲያመው፣ ወረቀቱ ቦታውን ካልተናገረ ሁለቱም ምርመራ ተደርጎ «ነፃ ነህ» ሊባል ይችላል። ለልጅ ልጆችም ይተርፋል። በዘር የሚሄዱ፣ የትልቁንም የትንሹንም አንጀት ካንሰር የሚያመጡ ሁኔታዎች አሉ። «አያታችሁ በምን ሞቱ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሆዳቸውን አሟቸው» የሚለው መልስ የልጆቹን ሐኪም አይረዳውም።

ለክልሉም ቁም ነገር አለው። በአዲስ አበባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካንሰር መዝገብ ይያዛል፤ የሚቆጥረው ግን የከተማዋን ነዋሪ ነው። ከአዋሽ ሄዶ ጥቁር አንበሳ የታከመ አባት እዚያ አይቆጠርም። የአፋር ጤና ቢሮ ሰመራ ቢሆንም አባትዬው በሰመራ አላለፉም። የሚያገናኛቸው ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ነው፤ ዘመድ ቤት ያረፈ በሽተኛ ደግሞ አድራሻ ሲጠየቅ የዘመዱን ቤት ይናገራል። እባካችሁ ወረዳችሁንና ቀበሌያችሁን ተናገሩ።

ስምም እንዲሁ ነው። አንድ መሐመድ በአማርኛ መሐመድ፣ ሌላ ቦታ መሀመድ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው በአፋርኛ ማሓማድ ይሆናል፤ ሦስት ካርድ ይወጣለታል። የአያት ስም ሳይቀር አስመዝግቡ፣ በመጀመሪያው ካርድ ላይ እንደተጻፈው ይጻፍላችሁ። ቀን ሲጻፍ ደግሞ ዘመኑ ይጠየቅ። «12/3/2016» በእኛ ኅዳር 12 ነው፤ በፈረንጅ ያነበበው ግን ኦፕራሲዮኑን ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደዋል። ካንሰሩ ተመልሶ መጣ ወይስ አልዳነም የሚለው ፍርድ በዚህ ይዛባል።

ከሆስፒታል ስትወጡ የመውጫ ወረቀቱን፣ የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻና የናሙናውን ውጤት ቅጂ ጠይቁ። የናሙናው ውጤት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ የብዙ ሰው ወረቀት ጎድሎ የሚቀረው በዚህ ነው፣ ቤተሰብ አገሩ ከገባ በኋላ ማንም አይመለስለትም። ማን እንደሚወስደው ሳትሄዱ ተስማሙ። ሐኪሙንም «ዶክተር፣ የትኛው አንጀት እንደሆነ ይጻፉልን» ማለት ድፍረት አይደለም። አንድ ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ካጋጠማችሁ ሲስተሯን ጠይቁ፤ ታስጽፍላችኋለች።

በሞባይል ፎቶ አንሥታችሁ በሁለት ልጆች ስልክ አስቀምጡት። ዋናውን በፕላስቲክ ጠቅልሉት። በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ደረት ኪስ ውስጥ የተያዘ ወረቀት በላብ ይርሳል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም በእስክሪብቶ የተጻፈው ነው።